አንድ ዘይት፣ ሦስት ቁጥር፦ ከአዘዞ መጋዘን የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ነገሩ የጀመረው በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ ያለ አንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ለንብረት ጠባቂው ደብዳቤ ጻፈ። በሰኔ 30 ቆጠራ 950 ሊትር ዘይት ጎድሏል ይላል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲታሰብ ከ47 ጀሪካን በላይ ነው። ምክንያቱን በጽሑፍ ካላስረዱ ከደመወዝዎ ይቆረጣል ተባሉ።

ሰውየው እዚያ ግቢ 16 ዓመት ሠርተዋል። ሠራተኛው በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ። የድርጅቱንም ሆነ የሰዎቹን ስም አልጠቅስም።

እኔ የተጠራሁት ለሌላ ነገር ነበር። የውጭ ኦዲተሩ «ከእቃ ክምችቱ በስተቀር» የሚል አስተያየት ሰጥቷል፤ ሌላው ሂሳብ ይታመናል፣ የእቃ ክምችቱ ቁጥር ግን አይታመንም ማለት ነው። ድርጅቱ ብድር ሊያድስ ነው፤ ባንኩ ደግሞ በኦዲተር የታየ ሂሳብ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ደነገጡ። ለመጋዘን፣ ለምርት፣ ለግዥና ለሽያጭ ሠራተኞች ስለ ፋይናንስ ሪፖርት ሥልጠና እንድሰጥ ጠየቁኝ። ሁለት ቀን፣ 14 ሰው። የደብዳቤውን ነገር የሰማሁት ግቢው ከገባሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ፕሮጀክተር ተተከለ። ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ተናገርኩ። የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ምን እንደሚሠራ አስረዳሁ። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ የምንለው፣ በክፍል 13 ስለ እቃ ክምችት የሚለውን አነበብኩ። የእቃ ዋጋ እንዴት እንደሚሰላ፣ መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይወጣል የሚለው ዘዴና አማካይ ዋጋ እንደሚፈቀዱ፣ መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይወጣል የሚለው ግን እንደማይፈቀድ ነገርኳቸው።

ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር። ማንም ግን አልጠየቀኝም። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው የመጭመቂያው ኦፕሬተር ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አልፈረድኩበትም።

ሻይ እረፍት ላይ ጋሼ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ይኼ ሕግ ለሂሳብ ሹሙ አይደለም እንዴ? እኔ እቃ እቀበላለሁ፣ እቃ እሰጣለሁ። የማውቀው ይኼን ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «950 ሊትር ዘይት በየት በኩል ተሸክሜ እንደወጣሁ ግን ራሴም ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ።

ያዘጋጀሁት ትምህርት ለዚህ መልስ የለውም። ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ሰረዝኩ። ሠራተኞቹን ወደ ሥራቸው መልሼ ወረቀቶቹን አስመጣሁ፦ የመጋዘኑ ቢን ካርድ (የእያንዳንዱ እቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበት ካርድ)፣ የገቢና የወጪ ማድረጊያ ጥራዞች፣ የቆጠራው ቅጽ፣ ከኮምፒውተሩ የወጣው የክምችት ዝርዝር። በመንግሥት ቤት ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 የሚባሉት ዓይነት ወረቀቶች ናቸው፤ እዚያም ሰዉ በልማድ እንዲሁ ይጠራቸዋል።

ለአንድ ዘይት ሦስት ቁጥር አገኘሁ። ጋሼ ቢን ካርድ ላይ 11,400 አለ። ቆጠራው 10,450 ይላል። ኮምፒውተሩ ደግሞ 10,140። ሥራ አስኪያጁ ካርዱን ከቆጠራው ጋር አስተያይተው ጉድለት አሉ። ሂሳብ ሹሙ ኮምፒውተሩን ከቆጠራው ጋር አስተያይቶ 310 ትርፍ አለ። ኦዲተሩ ሦስቱንም አይቶ አላምንም አለ። እኔ ብሆንም አላምንም።

አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ነው?

በሁለተኛው ቀን ሥልጠናው መጋዘን ውስጥ ሆነ። ሰዉ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ ፕሮጀክተሩ ቢሮ ቀረ።

ማታ የቆጠራውን ቅጽ ሳገላብጥ አንድ ነገር አሳስቦኝ ነበር። «ብዛት» የሚል ዓምድ አለ። «መለኪያ» የሚል ግን የለም። ዘይቱ እንዴት እንደተቆጠረ ጠየቅሁ። የተጋመሰ በርሜል በዓይን አይለካም፤ ስለዚህ በሚዛን ነው የመዘኑት፣ የበርሜሉን ክብደት ቀንሰው። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሚዛን የሚናገረው ኪሎ ነው። የምርት ክፍሉ ዘይት ወደ መጋዘን ሲያስገባ የሚጽፈው ደግሞ በሊትር ነው፤ የማጠራቀሚያው ታንከር ላይ ያለውን ምልክት አይቶ።

ባለ አንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አስመጣሁ። መጀመሪያ ባዶውን መዘንን፤ ክብደቱን ያዝን። ውሃ ሞልተን ስንመዝን፣ ፕላስቲኩ ሲቀነስ አንድ ኪሎ። ከዚያ በዚያው ፕላስቲክ የኑግ ዘይት። 920 ግራም።

ዝም ተባለ። ያ ትናንት የተኛው ኦፕሬተር፣ «ዘይት ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ታዲያ በምን መሰላችሁ!» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ ጋሼ ግን አልሳቁም። ስልካቸውን አውጥተው 11,400ን በ0.92 እንዲያባዛላቸው ለሽያጭ ሠራተኛዋ ሰጧት። 10,488 መጣ። ቆጠራው 10,450 ነው። ልዩነቱ 38 ኪሎ፤ 41 ሊትር ገደማ ማለት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከበርሜል ወደ ጀሪካን ሲገለበጥ የሚንጠባጠበው፣ ማጣሪያው ላይ የሚቀረው፣ ሚዛኑ የሚስተው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

950 ሊትር የሚባል ዘይት አልነበረም። ከሊትር ላይ ኪሎ ቀንሰው ያገኙት ቁጥር ነው። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ምንም ሳይናገሩ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ከጋሼ ማህደር መነሳቱን ጸሐፊዋ ነገረችን። በግልጽ ይቅርታ ቢባሉ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሼ ግን ያ ይበቃኛል አሉ።

ሰባቱ ቀን

የሊትሩ ነገር ካርዱንና ቆጠራውን አስታረቀ። ኮምፒውተሩ ግን አሁንም ብቻውን ነው። በሊትር 11,400 መሆን ሲገባው 10,140 ይላል። 1,260 ሊትር አንሷል።

እዚህ ላይ ብዙ ቦታ ያየሁት ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የሂሳብ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ቀን ነው። ሰኔ 30 በፈረንጅ ጁላይ 7 ነው። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው። መዝጋቢዋ ገና የተቀጠረች ልጅ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ፈጣን ናት። ሐምሌ ማለት ጁላይ ነው ብለን ነው ሁላችንም ያደግነው። ሐምሌ 3 የወጣ የወጪ ማድረጊያ ስታገኝ ጁላይ 3 ብላ ታስገባለች። ጁላይ 3 ደግሞ ሰኔ 26 ነው። በአዲሱ ዓመት የወጣው ዘይት ባለፈው ዓመት እንደወጣ ሆኖ ተመዘገበ።

ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 7 ያሉትን የወጪ ማድረጊያዎች ከጥራዙ አወጣን። ስድስት ናቸው። ልጅቷ ራሷ ጮክ ብላ ደመረች፦ 1,260 ሊትር። በዚያ ሳምንት መጭመቂያው ለጥገና ቆሞ ስለነበር ወደ መጋዘን የገባ ዘይት የለም። ቁጥሩ አንድም ሳይዛነፍ ገጠመ።

ከሐምሌ 8 ጀምሮ ያሉት ወረቀቶችም በሰባት ቀን ተሳስተዋል፤ ግን አዲሱ ዓመት ውስጥ ስለሚወድቁ ማንም አያያቸውም። ዓመቱን የሚያበላሹት እነዚያ ሰባት ቀናት ብቻ ናቸው። የስድስቱ ወረቀቶች ሽያጭም አብሮ ወደ አሮጌው ዓመት ገብቷል። ትርፉ ተዛብቷል፤ ከትርፉ የሚሰላው ግብርም እንዲሁ። ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የዓመቱን ግብር እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ አለበት። አንዴ ከገባ በኋላ ማስተካከል ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ምልልስ ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። ሰኔ 29 ምሽት 1 ሰዓት ላይ 80 ኩንታል ኑግ የጫነ መኪና ደርሷል። ዝናብ ነው፤ ጫኝና አውራጆቹ እየሮጡ አራገፉት። የግዥ ሠራተኛው የዋጋውን ወረቀት ይዞ የመጣው ግን ሐምሌ 2 ነው። ጋሼም ገቢ ማድረጊያውን የጻፉት ያን ቀን፣ በሐምሌ 2 ቀን ነው። ኑጉ ሰኔ 30 ተቆጥሯል፤ ወረቀቱ ግን የአዲሱ ዓመት ነው። ይኼ ትልቅ ልዩነት ማምጣት ነበረበት። አላመጣም። መዝጋቢዋ ሐምሌ 2ን ጁላይ 2 ብላ ስላስገባችው ተመልሶ አሮጌው ዓመት ውስጥ ገባ። አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፈነው። የኑጉ ቁጥር ገጥሞ ስለነበር ማንም አላየውም፤ ኦዲተሩም ጭምር። ልክ የመጣ ቁጥር ሳይ ዛሬም እንዴት ልክ እንደመጣ እጠይቃለሁ።

ለጋሼ ጥያቄ መልስ ያገኘሁትም እዚሁ ላይ ነው። «ሕጉ ለሂሳብ ሹሙ ነው ወይ ብለውኝ ነበር» አልኳቸው። «ሪፖርቱ ላይ የሚፈርሙት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ኃላፊነቱም የእርሳቸው ነው። ቀኑን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት። መኪናው የመጣበትን ምሽት ያዩት እርስዎ ነዎት። ሂሳብ ሹሙ ያን ምሽት ቤቱ ነበር።» ጋሼ ትንሽ አሰቡና፣ «ዋጋው ባይታወቅም ቀኑን ልጽፍ እችል ነበር ማለት ነው?» አሉ። አዎ። ዋጋው ባዶ ይቆያል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ክብደትና የመኪናው ሰሌዳ ግን ያኔውኑ ይጻፋል።

የሽያጭ ሠራተኛዋ ጥሩ ጥያቄ አነሳች። ለሐምሌ ሥላሴ ድግስ በሰኔ መጨረሻ ከፍሎ፣ «ለይታችሁ አስቀምጡልኝ፣ በዋዜማው እወስዳለሁ» የሚል ደንበኛ አለ። ያ ዘይት የማን ነው? ገንዘቡ ገብቶ፣ እርሱ ጠይቆ፣ ተለይቶ ስሙ ከተጻፈበት የደንበኛው ነው፤ እዚያው ቢቀመጥም ከእኛ ጋር አይቆጠርም። በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ዘይት አልነበረም። ቢኖር ኖሮ አራተኛ ቁጥር እንፈልግ ነበር።

ፋጉሎው

በዚህ ላይ አልቆይም። ከሚጨመቀው ኑግ በክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፋጉሎ ሆኖ ይወጣል። ለከብት አድላቢዎች ይሸጣል። እዚያ ግን ፋጉሎ ጓሮ የሚከመር ነገር እንጂ ንብረት ተብሎ አያውቅም። ሲሸጥ «ልዩ ልዩ ገቢ» ይባላል፤ ሰኔ 30 የተከመረው አይቆጠርም። የሂሳብ ደረጃው ተረፈ ምርትን ሊያስገኝ በሚችለው የተጣራ ዋጋ (ከመሸጫው ዋጋ ላይ ለመሸጥ የሚወጣው ተቀንሶ) ተምኖ ከዋናው ምርት ወጪ ላይ መቀነስ ይፈቅዳል። ካልተቆጠረ ግን የሚቀነስ ነገር የለም፤ ዘይቱ ከእውነተኛው ወጪው በላይ ውድ መስሎ ይታያል። ክምሩ እንዲመዘን ተስማማን። እስከ ዛሬ በግምት ነው የሚለካው፤ ይኼን አልጨረስነውም።

የረጠበው ጆንያ

ከሁሉም ያሳሰበኝ ነገር የመጣው ሥልጠናው አለቀ ካልኩ በኋላ ነው።

መጋዘኑን እየዞርን ሳለ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ላይ የውሃ መንገድ አየሁ። ከጣሪያው እስከ ወለሉ ድረስ። የጎንደርን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። «እዚህ ጋ ያለው ኑግ አይረጥብም?» አልኩ። ጋሼ መልስ አልሰጡም። ሌሎቹ ወደ ውጭ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ስድስት ጆንያ ኑግ ረጥቦባቸው ነበር። በዚያው ቀን ጽፈው ለቢሮ አስታወቁ። የስድስቱ ጆንያ ዋጋ ከደመወዛቸው ላይ በየወሩ ተቆረጠ። ጣሪያው ግን አልተሠራም። «ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም» አሉኝ። «የረጠበውን ፀሐይ ሲወጣ አሰጣዋለሁ። ሲደርቅ ከደህናው ጋር እቀላቅለዋለሁ። ምን ላድርግ ልጄ? ልጆች አሉኝ።»

ለእኔ በዚያ ግቢ ውስጥ የሂሳብ ደረጃው በእርግጥ የተጣሰው እዚህ ላይ ነው። ሊትርና ኪሎ መሳሳት አለማወቅ ነው፤ በአንድ የውሃ ፕላስቲክ ይታረማል። ጋሼ ግን ያውቁ ነበር። አንዴ እውነቱን ጽፈው ተቀጡበት። የተበላሸ እቃ ሊሸጥበት በሚችለው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ መመዝገብ አለበት የሚለውን መቶ ጊዜ ባስተምር እርሳቸው ወረቀቱን አይጽፉትም። እኔም በእርሳቸው ቦታ ብሆን የምጽፍ አይመስለኝም። የሻገተ ኑግ ከደህናው ጋር ሲጨመቅ ደግሞ ነገሩ ከሂሳብም ያልፋል። ዘይቱን የሚበላ ሰው አለ።

ምስጢራቸውን አሳልፌ መስጠት አልፈለግሁም። ዝም ማለትም አልቻልኩም። ጋሼን አስፈቅጄ፣ ስማቸውን ሳላነሳ ጉዳዩን ለሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ። የመጋዘን ጉዳት የሚያስቀጣ ከሆነ የሚጻፍልዎ ጉዳት አይኖርም አልኳቸው። እርሳቸውም ልክ የሆነ ስጋት ነበራቸው፦ «ታዲያ ሁሉም እየተነሳ ረጠበ፣ ተበላሸ ቢለኝስ?» ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ የተስማማነው ይኼን ነው። ጉዳት በተገኘ በዚያው ቀን ይጻፋል። ንብረት ጠባቂውና አንድ የምርት ክፍል ሰው አብረው ይፈርማሉ፤ ጆንያው በስልክ ፎቶ ይነሳል። እንዲህ የተመዘገበ ጉዳት አይቆረጥም። ተደብቆ የተገኘ ያስጠይቃል። ሁለተኛው ስምምነት ጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ከመስከረም በፊት ተቀየረ፤ በስተግራ ያለው ጥግ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ።

ስለ ሥልጠና አንድ ነገር ልበል። የሂሳብ ሥልጠና ሲባል የሚጠራው ሂሳብ ሹሙ ነው። ሆቴል አዳራሽ ገብቶ፣ ሰርተፍኬት ይዞ ይመለሳል። እቃውን በእጁ የሚነካው ሰው፣ ቀኑን የሚጽፈው ሰው፣ ዝናቡ ሲገባ የሚያየው ሰው አይጠራም። ሂሳብ ሹሙም መጋዘን አይወርድም። በዚህ ድርጅት ያለው ሂሳብ ሹም መጋዘኑን ያየው በዓመት አንዴ፣ በቆጠራ ቀን ነበር። አሁን በየወሩ መጨረሻ አንድ ጠዋት ከጋሼ ጋር ያሳልፋል። ይኼን እኔ አላዘዝኩም፤ ራሱ ነው የጠየቀው።

ከዓመት በኋላ

የተለወጡት ነገሮች ትንንሽ ናቸው። የቆጠራ ቅጹ ላይ «መለኪያ» የሚል ዓምድ ገባ። ሚዛኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ «1 ሊትር ዘይት = 0.92 ኪሎ» ተብሎ በቀለም ተጻፈ። መዝጋቢዋ ከሰኔ 20 እስከ ሐምሌ 15 ያሉትን ቀናት ከፈረንጁ ቀን ጋር ጎን ለጎን ጽፋ ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፈች። ሰኔ 30 ማታ 12 ሰዓት ላይ የመጨረሻው ገቢ ማድረጊያና የመጨረሻው ወጪ ማድረጊያ ቁጥር ይያዛል፤ ጥራዞቹ ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በታች ያለው የአዲሱ ዓመት ነው።

ያልተስተካከለም አለ። የሌሊት ፈረቃው የምርት መዝገብ አሁንም ጠዋት ላይ በትዝታ ይሞላል። ኦፕሬተሩ ብቻውን ነው፤ እጁ ዘይት ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እስክሪብቶ አንሳ ማለት ይከብዳል። ሰሌዳና ጠመኔ ማሽኑ አጠገብ እንዲሰቀል ሐሳብ አቅርበናል።

በሚቀጥለው ሰኔ 30 ጋበዙኝና ሄድኩ። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል። ጋሼ ካርዳቸው ላይ 9,870 ሊትር አላቸው። በርሜሎቹ ተመዘኑ፣ በ0.92 ተካፈለ፣ 9,835 ሊትር መጣ። ኮምፒውተሩም 9,870 ይላል። የኦዲተሩ ሰው ሁለት በርሜል መርጦ እንደገና አስመዘነና ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ኑጉ ተቆጠረ። ስንጨርስ ጋሼ ቅጹን ከመዝጋቢዋ እጅ ተቀበሉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከድምሩ ሥር በራሳቸው እጅ፣ በትልልቅ ፊደል «ከዚህ ውስጥ በግራው ጥግ ያለው 4 ጆንያ ረጥቧል፣ ሻግቷል» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ኦፕሬተሩም ፈረመ።

ቅጹ ለሥራ አስኪያጁ ተሰጠ። ቆመው አነበቡት። የአራቱ ጆንያ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ጋሼን አዩ። ጋሼ ካሉበት አልተንቀሳቀሱም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጥጉ ሄደው ጆንያዎቹን በእጃቸው ነኩ፤ ጣሪያውንም አዩት። ተመልሰው መጥተው ፈረሙ።